ኔትወርክ በሌለበት መንገድ



ከውጭ አገር ለዘመድ ጥየቃ መጥታችሁ መኪና የምትነዱ፣ ወይም ከዚህ ወጥታችሁ በሰው አገር የምትነዱ፣ ይህች ጽሑፍ ለእናንተ ናት። ካርታውን ስልካችሁ ላይ ሳታወርዱ መንገድ አትጀምሩ። ካወረዳችሁት በኋላ ደግሞ ሁሉን ያውቃል ብላችሁ አትመኑት።

ብዙ ሰው ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አይመስለውም። ስልካችን ያለንበትን ቦታ የሚያውቀው ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣውን ሞገድ ተቀብሎ ነው። ለዚህ ሲም ካርድም ዳታም አያስፈልግም። ኢንተርኔት የሚፈለገው የካርታውን ሥዕል ለማምጣት ነው። ሥዕሉን ቀድማችሁ በዋይፋይ ካወረዳችሁት፣ በሰው አገር ዳታ ቢወደድባችሁም፣ በ2015 ክረምት በክልላችን እንደሆነው የሞባይል ኢንተርኔት ቢቋረጥም መንገዱ አይጠፋችሁም። ጉግል ማፕም ኦርጋኒክ ማፕስም ይህን ያደርጋሉ።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ዐረብ አገር ነው። አንድ ዓመት ለዒድ ሲመጣ ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ድረስ የነዳው እሱ ነበር፤ እኔ ከጎኑ ሆኜ ስልኩን ያዝኩለት። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ አገሩ በጉም ተሸፍኗል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደሠራው ዋሻ ስንገባ በካርታው ላይ የነበረችው ሰማያዊ ነጥብ ቀጥ አለች። የሳተላይቱ ሞገድ ዓለቱን አያልፍምና ነው። ከ500 ሜትር በላይ ተጉዘን ስንወጣ ነጥቧ ተመለሰች።

ቁልቁለቱ ላይ ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና በከባድ ማርሽ ይንፏቀቃል። ወንድሜ የለመደው ሰፊና ሜዳ መንገድ ነው። ሰዓቱ ገፍቶበታል፣ እናታችንም እየጠበቀችን ነው። "ካርታው እዚህ ጋ ቀጥ ያለ ነው ይላል፤ ልቅደመው" አለ።

"ወንድምዬ ተው" አልኩት። "ካርታው መንገዱን ያሳይሃል እንጂ ከጉሙ ውስጥ የሚመጣውን አያሳይህም።"

ጥቂት ዝም አለና ማርሽ ቀነሰ። ብዙም ሳይቆይ ሽቅብ የሚወጣ አውቶቡስ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብሎ በጎናችን አለፈ። እስከ ደብረ ሲና ማናችንም አልተናገርንም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ካርታውን ከጉዞ በፊት አድሱት። የቤተሰባችሁን ቤት ምልክት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ብዙው ሰፈራችን የመንገድ ስም የለውም። የመኪና ቻርጀር ያዙ። የወረደ ካርታ ዛሬ የተዘጋ መንገድን አያውቅምና ከወዲያ የሚመጡ ሾፌሮችን ጠይቁ። የሚነግራችሁን ደቂቃም አትመኑት፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ በር ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ ሰዓቱን የሚወስነው ፍሬን ነው።

የሶላት ወቅት መንገድ ላይ ቢደርስባችሁ ደግሞ ሸዋ ሮቢትና መካ ሁለቱም በ40 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ናቸው። ቂብላው ወደ ሰሜን ነው፤ ለዚህም ኔትወርክ አያስፈልግም።

ቤት የሚጠብቃችሁ ሰው የሚፈልገው መድረሳችሁን ነው፤ ሰዓቱን አይቆጥርባችሁም። አላህ በሰላም ያድርሳችሁ።