ማንም ያልነገረኝ አራተኛ ረድፍ

የእንሰት ዝርያዎችን መረጃ በዳታቤዝ ለማደራጀት ስነሣ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ሠንጠረዡ አራት ዓምዶች ብቻ ነበሩት፦ ዝርያ፣ ቀበሌ፣ የቀበሌው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ፣ እና ጥቅም። ጉብሬ ከሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጥቂት ወጣ ሲባል ከየቤቱ ጓሮ እንሰት ይታያል። ዘወትር የማየውን ነገር የማላውቀው አልመሰለኝም።

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ሞዴሉን ካቀረበ ወዲህ የመጡት መደበኛ ቅርጾች ዋና ዓላማ አንድን እውነታ በአንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ ነው። በእኔ ሠንጠረዥ ግን የአንድ ቀበሌ ከፍታ በዚያ ቀበሌ በተመዘገበው መረጃ ልክ ይደጋገም ነበር። በአንዱ ረድፍ ታርሞ በሌላው ቢዘነጋ፣ አንድ ቀበሌ ሁለት ከፍታ ይኖረዋል። ቁልፉ ዝርያ፣ ቀበሌና ጥቅም በአንድነት ሲሆኑ፣ ከፍታ የሚወሰነው በቀበሌ ብቻ በመሆኑ ሠንጠረዡ ሁለተኛውን መደበኛ ቅርጽ አያሟላም ነበር። ስለዚህ ቀበሌንና ከፍታን ለብቻቸው አወጣሁ። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር።

ስሕተቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በቀሩት ሦስት ዓምዶች ውስጥም ድግግሞሽ አየሁ፤ አንድ ዝርያ በብዙ ቀበሌ ይበቅላል፣ ብዙ ጥቅምም አለው። ሮናልድ ፋጊን እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረበው አራተኛው መደበኛ ቅርጽ የተዘጋጀው ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው ብዬ፣ ሠንጠረዡን «ዝርያና ቀበሌ»፣ «ዝርያና ጥቅም» በማለት ለሁለት ከፈልኩት። ውጤቱ ንጹሕና አጭር ነበር።

ሁለቱን መልሼ ሳጣምር ግን ካስገባሁት የበለጡ ረድፎች ወጡ። ለአብነት ስለ አንዲት ዝርያ ሦስት ረድፎች ነበሩኝ፦ በቸሃ ካለ ቀበሌ አሚቾዋ እንደሚበላና ለተሰበረ አጥንት መድኃኒት እንደምትሆን፣ በእዣ ካለ ቀበሌ ደግሞ አሚቾዋ እንደሚበላ። አሁን አራተኛ ረድፍ ተጨመረ፤ በእዣውም ቀበሌ ለአጥንት መድኃኒት ናት የሚል። ይህን ማንም አልነገረኝም። በረድፎቹ መብዛት ተደስቼ ወደ ጽሑፌ ላስገባቸው ጥቂት ቀርቶኝ እንደነበር ሳስታውስ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ወደዚያው ቀበሌ ተመልሼ ለአንዲት እናት ጥያቄውን አቀረብኩላቸው። «ልጄ፣ እኛ ቀቅለን እንበላታለን። ለአጥንት የምንሰጠው ሌላ ነው፤ ይህቺን ለመድኃኒት የሚሏት ካሉ እነሱን ጠይቅ» አሉኝ።

መልሳቸው የጥገኝነትን ትርጉም ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ አስረዳኝ። አራተኛው መደበኛ ቅርጽ እንድንከፍል የሚያዝዘው ቀበሌና ጥቅም እርስ በርሳቸው ነጻ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ይኸውም የዝርያዋ ጥቅም ሁሉ በምትበቅልበት ሁሉ የሚሠራ ከሆነ ነው። እዚህ ግን ጥቅሙ እንደ አካባቢው ዕውቀት ይለያያል። ስለዚህ ያ ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ቀድሞውኑ በአራተኛው መደበኛ ቅርጽ ላይ ነበር። የከፈልኩት የሌለ ነጻነት ገምቼ ነው።

«ቀበሌና ጥቅም» የሚል ሦስተኛ ሠንጠረዥ መጨመርም ዋስትና አልሆነም። የእዣው ቀበሌ ሰዎች በሌላ ዝርያ አጥንት ስለሚያክሙ፣ ሦስቱ ሲጣመሩ ያው ሐሰተኛ ረድፍ ይመለሳል። ስለ አምስተኛው መደበኛ ቅርጽ የሚነሣውም ጥያቄ ይኸው ነው፦ ሦስቱ ጥንዶች እውነት ስለሆኑ ብቻ ሦስቱ በአንድነት እውነት ናቸው ወይ?

ከዚህ የተረዳሁት፣ በእጅ ያሉ ረድፎች አንድን የጥገኝነት ሕግ ሊያፈርሱት ቢችሉም ሊያጸድቁት ግን እንደማይችሉ ነው። ሕጉ የሚገኘው መረጃውን ከሰጡን ሰዎች ዘንድ ነው። ዛሬ ሦስቱ ዓምዶች ሳይከፈሉ አብረው ይኖራሉ፤ ድግግሞሹም በቦታው አለ። ከመክፈሌ በፊት ግን አንድ ጥያቄ በማስታወሻ ደብተሬ እጽፋለሁ፦ መልሼ ባጣምረው የሚወጣውን እያንዳንዱን ረድፍ የነገረኝ ሰው አለ?