ጎጆ ሻላ፣ እንጀራ አቢያታ

የታኅሣሥ ብርድ ቀልድ እንዳይመስላችሁ! «ስምጥ ሸለቆ ሙቀት ነው» ብዬ በስስ ሹራብ ሄጄ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አቢያታ ሐይቅ ዳር ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። እጮኛዬ ግን ምን ተዳው? ባይኖኩላሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወፍ ይቆጥራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱባይ ሥራ አግኝቼ ቪዛዬ ወጥቷል። እሱ «ሂጂ» አይል፣ «አትሂጂ» አይል… ዝም! ሦስት ሳምንት ተኳርፈን ከረምንና አንድ ዓርብ «ወፍ ልናይ እንሂድ» አለኝ። ወገኖቼ፣ በዚህ ሰዓት ወፍ? ብቻ ሄድኩ። ማታውን ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ አደርንና ገና ሳይነጋ ወደ ፓርኩ ገሰገስን።

መኪናው ካወረደን ቦታ እስከ ውኃው ያለው ሜዳ አያልቅም። ሶዳ የጋገረው ነጭ ጭቃ ነው፤ ጫማዬ ሁለቴ ተሰንቅሮ ቀረ። አብሮን ያለው የፓርኩ ጠባቂ «የምትረግጡት ሁሉ ሐይቅ ነበር» አለን። ወደ አቢያታ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ከላይ ለመስኖ ይጠለፋል፤ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ሲሳብ ኖሯል። ሐይቁ ሸሸ።

ፀሐይ ብልጭ ስትል ግን ብርዱን ረሳሁት። ዳርቻው ሮዝ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ፍላሚንጎ! አንገቱን ደፍቶ፣ ምንቃሩን ገልብጦ ውኃውን እያጠለለ ይበላል። ሮዝ ያደረገውም ምግቡ ነው። ከሥሩ የሚርመሰመሱት ትንንሽ ወፎች ደግሞ የአውሮፓንና የሳይቤሪያን በረዶ ሸሽተው የመጡ ናቸው። እኔን የሚያንቀጠቅጠኝ ብርድ ለነሱ ሙቀት መሆኑ… ጉድ እኮ ነው!

ረፋዱ ላይ ኮረብታው ላይ ወጣን። በአንድ በኩል አቢያታ፣ በሌላው ሻላ ይታያል። ሻላ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር በላይ ነው፤ ዓሣ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ፔሊካኖች ሻላ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ፣ ኮረብታውን ተሻግረው ከአቢያታ ዓሣ ይበሉ እንደነበር ጠባቂው ነገረን።

«አየህ!» አልኩት እጮኛዬን። «እነሱም ጎጆና እንጀራቸው ለየቅል ነው!»

«ነበር» አለ ጠባቂው። «የአቢያታ ውኃ ሲያንስ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። መብያው ሲርቃቸው ጎጆውንም እየተዉ ሄዱ።»

በቃ፣ አፌ ተያዘ። እጮኛዬ ባይኖኩላሩን አውርዶ «አንድ ኮረብታ ይሻገሩታል፤ አልከለከልኩሽም። ስንት ኮረብታ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ይኸው ነበር!

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በመግቢያ ደረሰኙ ጀርባ ጻፍን፦ ሁለት ዓመት፤ በየዓመቱ አንድ ወር እረፍት፤ ከዚያ ሠርግ። አንድ ቀን አይጨመርበትም። ሁለታችንም ፈረምን። ደረሰኙ ከፓስፖርቴ ጋር ተቀምጧል።

እናንተም የተኳረፋችሁት ሰው ካለ፣ ከካፌ ይልቅ ሐይቅ ዳር ውሰዱት። ወፍራም ሹራብና ጭቃ የሚችል ጫማ አትርሱ። ደግሞ አደራ፣ ለፎቶ ብላችሁ ፍላሚንጎውን እያባረራችሁ አታስነሱት፤ ቁርሱን እየበላ ነው።

ቸር ይግጠመን!