ደጋው ዘንቧል ወይ?

ኮሎራዶ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ በረዷማ ተራራ ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች ስለሚሰጠው ሥልጠና ሲያወራኝ አመሸ። በረዶው ከላይ ቢያምርም፣ ከሥሩ የላላ ንጣፍ ካለ አንድ ሰው ረግጦት ሙሉ ተዳፋቱ ሊናድ ይችላል አለ። በተለይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘነብለው ክፉ ነው። ስለዚህ በአካፋ ቆፍረው ንብርብሩን እንደ ተደራረበ እንጀራ እየለዩ ያዩታል። የአደጋው ደረጃ ከ1 እስከ 5 ነው።

«ብዙ ሰው የሚሞተው ስንት ላይ ሲሆን ይመስልሃል?»

«5 ነዋ!»

«3 ላይ ነው። 5 ሲባልማ ማን ይወጣል? 3 ሲሆን ግን ሁሉም ራሱን ያምናል።»

ይቺን ነገር ከሆነ ቦታ አውቃታለሁ።

እኛ ቆቦ የሚወርደው በረዶ ማሽላ ይመታ እንደሆነ እንጂ ተራራ አይንድም። የእኛ ናዳ ደራሽ ጎርፍ ነው። ከተማችን 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሜዳ ላይ ናት፤ በምሥራቅ ዞብል፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ ቁልቁል ያያታል። ወንዞቻችን እነሆርማትና ጎቡ አብዛኛውን ዓመት አሸዋና ኮረት ናቸው። ልጅ ኳስ ይጫወትባቸዋል፣ ከብት ይተኛባቸዋል።

አንድ ሐምሌ ከአያቴ ጋር ከገበያ ስንመለስ አሸዋው ጫፍ ደረስን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ልሮጥ ስል ኮሌታዬን ያዙኝ።

«አባባ፣ ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል!»

«የኛው ጠርቷል። የደጋውን አይተኸዋል?»

እሳቸው ወንዙን አያዩም፤ ፊታቸው ወደ ምዕራብ ነው። ጋራው ጫፍ ላይ ጥቁር ደመና ተጎልቷል። ግራር ሥር ተቀመጥን። ሁለት ሰዎች አህያ እየነዱ አልፈውን ተሻገሩ፤ ምንም አልሆኑም። እኔ በንዴት ጠጠር እወረውራለሁ። ቆይቶ መሬቱ ጉምም አለ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ያለው ነፋስ ፊታችንን መታን፤ ከዚያ ቅርንጫፍና ፋንድያ የተሸከመ ቡናማ ውኃ ታጥፎ መጣ። የአህዮቹ ኮቴ አሸዋው ላይ ገና ትኩስ ነበር። ዐይኔ እያየ ጠፋ።

አያቴ ግን ጎርፍ የሚፈሩ ሰው አልነበሩም። ማሽላቸው የሚጠጣው ከጎርፍ ጠለፋ ነው፤ ደጋው በዘነበ ሌሊት አካፋቸውን ይዘው ከመንደሩ ሰው ጋር ሲጠብቁት ያድራሉ፣ ሲመጣ ወደ እርሻቸው ይመልሱታል። ቢቀር የሚርባቸው፣ ቢበዛ ቦዩን ይዞባቸው የሚሄድ ነገር ነው። ሰው እንጀራው የሆነውን አደጋ ልክ አድርጎ ያነባል።

የድሬዳዋውን ደቻቱ ወንዝ አስታውሱ። እሱም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውኃ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ሐምሌ 2016 ደግሞ ጎፋ ላይ የተራራው አፈር ውኃ ጠጥቶ ተናደ፤ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። የሞተው ከ200 በላይ ነው። የአክስቴ ልጅ እንደሚለው፣ በእነሱ ሥልጠና ከማዳን በፊት የሚጠየቀው «ላይ ገና ያልወረደ አለ ወይ?» የሚል ነው። ወገን አፈር ሥር እያለ ቀና ብሎ ማየት እንዴት እንደሚከብድ ግን የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

ዛሬ ባጃጅ የሚነዱት ልጆቻችን ወንዝ ዳር ሲደርሱ የሚያዩት የቀደማቸውን ጎማ ነው። «እገሌ አለፈ» ይባላል። እገሌ ያለፈው ግን ውኃው ገና መንገድ ላይ ሳለ ነው።

አያቴ ደመናውን ከሩቅ ከማየት በቀር ሌላ መላ አልነበራቸውም። እኛ ስልክ አለን፤ ብዙዎቻችን ደጋ ላይ አክስት ወይ አማት አለችን። ክረምት ላይ፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ አሸዋውን ከመርገጣችሁ በፊት ደውሉላት። ሰላምታው ይርዘም፣ የልጆቹም ደኅንነት ይጠየቅ። ብቻ ሳትዘጉ «እናንተ ዘንድ ዘነበ?» በሏት።

«አዎ» ካለች ግራር ሥር ቁጭ ነው።