የቡና ፍሬ የመሰለው ጥላ

የሰው ሆድ የተዘጋ ጓዳ ነው፤ በደጅ የቆመ ሰው ጩኸቱን ቢሰማም የሚጮኸውን አያይም። በ1902 ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር፥ የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭኑ ሁለት ቀን ሲቀራቸው በትርፍ አንጀት ደዌ ምክንያት ተቀደዱ፤ በዓሉም ወደ ነሐሴ ተላለፈ። ከዐፄ ምኒልክ የተላኩት ራስ መኰንን ለዚሁ በዓል ከተጠሩት እንግዶች አንዱ ነበሩ። ሮንትገን ራጅን ካገኘ ገና ሰባት ዓመት ነበረና፥ ሐኪሙ ትሪቭስ የተማመነው በእጁ ዳሰሳ ነው።

አሁን ግን አንድ የገጠር ሽማግሌ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ በቃሬዛ ወደ ከተማ ሐኪም ቤት መጡ። ቤተ ሰቦቻቸው አስቀድመው ኮሶ አጠጥተዋቸው ነበር። ይህ ከፍቅር የተደረገ ነው፤ ነገር ግን አንጀቱ ለታጠፈበት ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት፥ በተዘጋ በር ላይ ሕዝብ እንደ መግፋት ነው።

በራጅ ሥዕል ነፋስ ጥቁር ሆኖ ይታያል። አንጀት የተበሳ እንደ ሆነ ነፋሱ ሾልኮ ወጥቶ፥ በሽተኛው ሲቆም ከሳንባ በታች እንደ ጨረቃ ስባሪ ይታያል። የሽማግሌው ሥዕል ግን ሌላ ነበር፤ በነፋስ የተሞላ ትልቅ አንጀት ለሁለት ታጥፎ፥ መካከሉ በመስመር የተከፈለ። የዓለም ሐኪሞች ይህን ምልክት የቡና ፍሬ ይሉታል፤ በቡና አገር ለተወለደ ሰው ስሙን ማስረዳት አያስፈልግም።

በድምፅ ሞገድ የሚያየው አልትራሳውንድ ጨረር የለበትምና ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ይመረጣል፤ የሐሞት ጠጠርንም ያሳያል። በ1986 የሆላንዱ ሐኪም ፒላርት ሆድን ቀስ ብሎ በመጫን ያበጠ ትርፍ አንጀት በዚሁ መሣሪያ እንዴት እንደሚታይ አስረዳ። ነፋስ በበዛበት ሆድ ግን ዓይኑ ይታወራል። ሲቲ ስካን ከሁሉ አብልጦ ያያል፤ ዋጋውና ጨረሩም ይበዛል። ውስጡ እየደማ ለሚዝለፈለፍ በሽተኛ ግን ሥዕል ፍለጋ ቀዶ ሕክምናን ማዘግየት ከድንቁርና አይሻልም።

የሽማግሌው አንጀት ገና አልሞተም ነበርና፥ ሐኪሙ ከበታች ቱቦ አስገብቶ ነፋሱን አወጣው። በማግሥቱ፥ «አባቴ፥ ይህ አንጀት ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይታጠፋል፤ ሳይሄዱ ተቀዶ ቢወጣ ይሻላል» አላቸው።

«ልጄ፥ አዝመራው ይሰብሰብና እመጣለሁ» አሉ።

ሐኪሙ አልተከራከረም፤ ሥዕሉን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ በጣቱ አሳያቸው። ሽማግሌው ፍሬውን ብዙ ተመለከቱና፥ «የበኵር ልጄን ጥሩልኝ» አሉ።