ስንት ነን?

በሚኒያፖሊስ የሚገኝ አንድ የማኅበረሰብ ድርጅት ለልጆች የቅዳሜ ቋንቋ ትምህርት በጀት ሊጠይቅ አስቦ፣ በመንትዮቹ ከተሞች የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንት እንደሆንን እንድነግረው ጠየቀኝ። ሥራው የአንድ ከሰዓት መሰለኝ። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በየዓመቱ የሚያካሂደው የማኅበረሰብ ጥናት የትውልድ ቦታን ለብቻ፣ የዘር ሐረግን ለብቻ ይጠይቃል። እኔም ሁለት መጠይቆች ጻፍሁ፤ አንዱ ኢትዮጵያ የተወለዱትን፣ ሌላው ሐረጋቸውን «ኢትዮጵያዊ» ያሉትን የሚያወጣ። የቀረው ሁለቱን ውጤቶች ማዋሐድ ነበር።

አስቀድሜ በገዛ ቤቴ ሞከርሁት። አራት ነን፤ እናቴና እኔ አዲስ አበባ፣ መንትያ ሴት ልጆቼ ሴንት ፖል ተወለድን። የመጀመሪያው መጠይቅ ሁለታችንን፣ ሁለተኛው አራታችንንም አወጣ። «ዩኒየን ኦል» ውጤቶችን እንዳሉ ይደራርባልና ስድስት ሆንን። «ኢነር ጆይን» በሁለቱም የተገኙትን ብቻ ያስቀራልና ልጆቼ ቀሩ። ድግግሞሽን ወደሚያስወግደው «ዩኒየን» ሄድሁ፤ ሦስት አለኝ። የመረጥኋቸው ዓምዶች ዕድሜ፣ ጾታና ከተማ ብቻ ስለ ነበሩ የመንትዮቹ ረድፎች አንድ ዓይነት ሆነው፣ አንዷ ተሰርዛለች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሞዴል ሠንጠረዥ የረድፎች ስብስብ ነው፤ በስብስብ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይገኝም። ሁለት ሰዎችን የሚለይ ምልክት ካልሰጠነው ዳታቤዙ ሰዎቹን አንድ ያደርጋቸዋል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው አይፐምስ በሚያሰራጨው የዚሁ ጥናት የግለሰቦች መረጃ ለየቤቱ ቁጥር፣ በቤቱ ላለው ለየሰውም ተራ ቁጥር ተሰጥቷል። እነዚህን ከናሙናው መለያ ጋር ስጨምር አራት ሆንን። በናሙና ክብደት ማባዛት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ጉድለት ግን በየትኛውም ማዋሐጃ አይጠገንም። እዚህ ተወልዳ በሐረግ ጥያቄው ላይ «ኦሮሞ» ወይም «አፍሪካዊት» ተብላ የተሞላች ልጅ ከሁለቱም መጠይቆቼ ውጭ ናት፤ ሁለቱም ያላመጧትን ሴት ልጅ ዩኒየን ከየት ያመጣታል? በሚኒሶታ፣ ኦሮሞዎች በብዛት በሚኖሩበት ግዛት፣ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ትምህርቱም የታሰበው ለእርሷ ነው።

ስለዚህ መጠይቁን አስፍቼ እንደገና ጻፍሁት። ለድርጅቱም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን፣ ማንን «እኛ» ብዬ እንደቆጠርሁ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ አያይዤ ላክሁ። በስብሰባው ላይ ረጅም ክርክር ያስነሣው አንቀጹ እንጂ ቁጥሩ አልነበረም፤ ደስም አለኝ።