ከአንበሳሜ እስከ ማሊንዲ፦ ማዕበል ፍለጋ ከመነሳትዎ በፊት

ልጅዎ እራት ላይ «ሰርፊንግ መማር እፈልጋለሁ» ቢልዎት ምን ይመልሱለታል? ያውም ባሕር በሌለው አገር፣ ደጋ ላይ በተቆረቆረች ከተማ፣ ምስር ወጥ እየጠቀለለ? እኔ ስቄ ዝም አልኩ። የ13 ዓመቱ ልጄ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የሰርፊንግ ውድድር ታሂቲ ላይ ሲካሄድ በቴሌቪዥን ካየ ወዲህ ነገሩን ሊተወው አልቻለም። ባለቤቴ ደግሞ «ለሴሚስተር ዕረፍት እንወስድሃለን» ብሎ ቃል ገባለት። ቃሉን የገባው እሱ ነው፤ ዕቅዱን የማውጣቱ ሥራ ግን የተለመደውን መንገድ ተከትሎ ለእኔ ደረሰ።

ስህተታችንን አስቀድሜ ልንገርዎ። በጥር መጨረሻ ከሞምባሳ በስተደቡብ ወደምትገኘው ዲያኒ ሄድን። አሸዋው እንደ ዱቄት ነጭ ነው፤ ውኃው ሲያዩት ዓይን ያበርዳል። ማዕበል ግን የለም። ልጄ የተከራየለትን ሰርፍ ቦርድ ይዞ ወገቡ ድረስ ገባና ጠበቀ። ግማሽ ሰዓት ከጠበቀ በኋላ ቦርዱ ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ። የስምንት ዓመቷ እህቱ «ባሕሩ ተኝቷል እንዴ?» አለች።

ባሕሩ አልተኛም። የኬንያን ጠረፍ አብዛኛውን ክፍል ከዳርቻው ራቅ ብሎ የኮራል ድንጋይ እንደ አጥር ይከበዋል። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ማዕበል እዚያ አጥር ላይ ይሰበርና ወደ ዳርቻው የሚደርሰው ለስላሳ ውኃ ብቻ ነው። ለትንንሽ ልጆች ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ንፋስ ሲኖር በትልቅ ካይት እየተጎተቱ ውኃ ላይ መንሸራተት ለሚወዱም ዲያኒ ስመ ጥር ናት። ማዕበል ላይ ለመቆም የሚፈልግ ልጅ ግን አዝኖ ይመለሳል። ስለዚህ ሆቴል ከመያዝዎ በፊት «መዋኛው ምን ያህል ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ «ከፊት ለፊታችን ኮራል አለ ወይ?» ይበሉ።

ከዚያ ወዲህ ባደረግሁት ማጣራት መልሱ ማሊንዲ ሆነ። ከሞምባሳ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን የሳባኪ ወንዝ ጭቃውን ይዞ ባሕር ይገባል፤ ኮራል ደግሞ የደፈረሰ ውኃ አይወድም። በዚህ ምክንያት የከተማዋ ባሕረ ሰላጤ ክፍት ነው፣ ማዕበሉም እስከ አሸዋው ይዘልቃል። ጠንከር የሚለው ከደቡብ የሚነፍሰው፣ የጠረፉ ሰዎች «ኩሲ» የሚሉት ንፋስ በሚበረታባቸው የክረምታችን ወራት ነው። እኛ የሄድንበት ጥር ደግሞ የሰሜኑ ንፋስ፣ የ«ካስካዚ» ወቅት ነበር። የማሊንዲ ማዕበል የታሂቲን አይመስልም፤ ባለሙያ ተሳፋሪ ምናልባት ይንቀው ይሆናል። ለጀማሪ ግን መጠኑ ልክ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አንበሳሜ ልውሰድዎ፤ ከማሊንዲው ጉዞ በፊት የሞገትኩት ከአየር መንገድ ወይም ከባንክ ጋር ሳይሆን ከእናቴ ጋር ነውና።

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ፣ ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ያገኟታል። ጣና ከዚያ በስተምዕራብ ነው። በወረዳው የሐይቅ ዳርቻ ያለችው ቆራጣ በአንድ ዘመን ስሟ የገነነ የንግድ ከተማ ነበረች። ከጉና ተራራ የሚነሳው ጉማራ ደግሞ በክረምት ቀይ አፈር ተሸክሞ፣ የፎገራን ሜዳ እያጥለቀለቀ ጣና ይገባል። እንግዲህ ውኃ አላየንም ማለት አይቻልም። ነገር ግን እኛ ጋ ውኃ የሚፈራ እንጂ የሚጫወቱበት ነገር አልነበረም። የእናቴ ታናሽ ወንድም ከወረታ ገበያ ሲመለስ፣ ከድልድዩ ራቅ ብሎ ለማቋረጥ ሲሞክር ጉማራ ወስዶታል። እኔ አልደረስኩበትም። ቤታችን ውስጥ «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ተረት ግን በተረትነቱ ተነግሮ አያውቅም።

ስልክ ደውዬ ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች።

«ያ ባሕር ድንበር አለው?»

«አለው እማዬ፣ ጠባቂም አለው።»

«ጉማራም ድንበር ነበረው።» ቀጥላም «ልጁ ዋና ይችላል?» አለችኝ።

«እየተማረ ነው።»

«አንቺስ?»

መልስ አልነበረኝም። አርባ ዓመት አልፎኝ ጭንቅላቴን ውኃ ውስጥ ነክሬ አላውቅም። «እንግዲያ አንቺ ዋና ሳትችይ ልጄን ባሕር አታግቢብኝ» ብላ ዘጋችው። መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ሳስበው፣ ይህን ጥያቄ ከእሷ በቀር ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ሆቴሉም፣ የቦርድ አከራዩም፣ ባለቤቴም።

«ታዲያ እዚያው ጣና ላይ ለምን አትማሩም?» ይሉ ይሆናል። ጣና ትልቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ጀልባዎችን የሚያንገላታ ሞገድም አለው። ለሰርፊንግ የሚሆን ማዕበል ግን ንፋሱ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ክፍት ውኃ ላይ ሲሮጥ የሚፈጠር ነው፤ የጣና ርዝመት ደግሞ ከሰማንያ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከሁሉ በላይ በሐይቁ ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ። ሐይቅ ከፈለጉ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ የታወቀው ላንጋኖ ይሻላል።

(የደንገል ታንኳችንን ግን አልንቅም። በፔሩ ሁዋንቻኮ የሚባል የጠረፍ ከተማ ዓሣ አጥማጆች ከሸንበቆ በሚሠሯት ጠባብ ጀልባ ከባሕር ሲመለሱ ማዕበሉ ላይ ተንሸራትተው ነው የሚገቡት። ሰርፊንግን ከእነሱ የሚያስጀምሩት አሉ። ልጄ ይህን ሲሰማ «እኛም ደንገል ነበረን፣ ማዕበል ብቻ ነው ያጣነው» አለ።)

ወደ ዕቅዱ ልመለስ። ቀን ሲመርጡ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ማዕበሉ የሚፈልገው ክረምትን ነው፤ ትምህርት ቤትም የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው። የሚጾሙ ከሆነ ግን የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከል ያለው ሐምሌ ለእኛ ቤት ትክክለኛው ጊዜ ነው። ፍልሰታ ውስጥ ቢሄዱም አይራቡም፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሰል ወጥና ቻፓቲ በየቦታው አለ፤ ቅቤ እንዳይገባበት ብቻ ይጠይቁ።

የጤናውን ጉዳይ ለመጨረሻ አያቆዩት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ኬንያ ስትገቡ ትጠየቃላችሁ። ክትባቱ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከወሰዱት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ጠረፉ ላይ ወባ ስላለ የአዲስ አበባ ልጆችን ይዘው ሲሄዱ ስለ መከላከያው ሐኪም ያማክሩ። የመግቢያ ፈቃድ ደንብ ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ከኤምባሲው ያረጋግጡ። ከሁለት ወላጆች አንዱ ብቻ ከልጆቹ ጋር የሚሄድ ከሆነ የሌላውን የስምምነት ደብዳቤ መያዝ ብዙ ንትርክ ያድናል።

ገንዘቡን አስመልክቶ አላታልልዎትም፤ ርካሽ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ስናሰላው የቤቱ ሁሉ ፊት ይቀየራል። እኛ የቀነስነው ከሆቴሉ ነው፤ ምግብ ማብሰያ ያለው ቤት ይዘናል። ከአዲስ አበባ ሞምባሳ አውሮፕላን አለ። ጊዜ ካለዎት ናይሮቢ ወርደው እ.ኤ.አ. በ2017 በተከፈተው ባቡር ወደ ሞምባሳ ይሂዱ፤ ሐዲዱ ጻቮን አቋርጦ ስለሚያልፍ ልጆቹ ከመስኮት ዝሆን የማየት ዕድል አላቸው።

ማሊንዲ ራሷ ለቤተሰብ ትመቻለች። ለረጅም ጊዜ የጣሊያን ሰዎች ስለሚበዙባት ፒዛና ማኪያቶ አይጠፋም። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ደርሶባታል፤ መታሰቢያ ዓምዱ ባሕሩ ዳር ቆሟል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለችው የጥንቷ ጌዲ ፍርስራሽ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። አሮጌው ሠፈር የሙስሊሞች ስለሆነ ከባሕሩ ሲመለሱ ልብስ ደርበው ይግቡ። ልጆቼን የበለጠ ያስደነቃቸው ግን ሰዓቱ ነው፤ በስዋሂሊም እንደ እኛ ፀሐይ ስትወጣ ነው አንድ ብለው የሚቆጥሩት። «ሳ ሞጃ» ማለት ከጧቱ አንድ ሰዓት ነው።

ውኃው ውስጥ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ለጀማሪ ስፖንጅ የለበሰ ረጅም ቦርድ፣ ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚታሰር ገመድ ያለው። እጀ ረጅም የዋና ልብስ፣ ከምድር ወገብ አጠገብ ፀሐይ አትምርምና። አስተማሪውን አንድ እሱ ስንት ልጅ እንደሚይዝ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ተምሮ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ቅር ከተሰኘ ሌላ ይፈልጉ። ጀማሪ ከወገብ በላይ ውኃ አይገባም፤ የሚማረው ማዕበሉ ከተሰበረ በኋላ በሚመጣው ነጭ አረፋ ላይ ነው። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚፈራረቅ፣ ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ደግሞ ሰዓቱ ስለሚገፋ በየማለዳው ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ልጆቹ በቃላቸው ይወቁት። ወደ ዳርቻ የመጣው ውኃ ተመልሶ ሲወጣ አንዳንዴ በአንድ ጠባብ መስመር ተሰብስቦ እንደ ጅረት ወደ ውስጥ ይጎትታል። ማዕበል የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ የሚመስል መስመር ካዩ የሚያስፈራው እሱ ነው። የተያዘ ሰው በቀጥታ ወደ ዳርቻው ለመዋኘት ከታገለ ይደክማል። ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኙ ከመስመሩ መውጣት፣ ካልተቻለም በጀርባ ተንሳፍፎ እጅ ማንሳት ነው። ለእናቴ ይህን ሳስረዳት «ጸጥ ያለው ነው የሚወስደው? እኛስ ምን አልን» አለችኝ።

ስለዚህ ከየካቲት ጀምሮ ማክሰኞና ቅዳሜ ጧት ዋና እማራለሁ። ጭንቅላቴን ለመንከር ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አብረውኝ የጀመሩት የሰባት ዓመት ልጆች ወደ ጥልቁ ተሻግረዋል። በጀርባዬ መንሳፈፍን ያገኘሁት በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ ነው፤ ጆሮዬ ውኃ ውስጥ ሆኖ የራሴን ትንፋሽ ብቻ እየሰማሁ ጣሪያውን አየሁ፣ ፈራሁ፣ ግን አልሰመጥኩም።

ከእናቴ ጋር የተስማማነው ሳልቆም 50 ሜትር እስክዋኝ ነው። ለካችው ማለት አይቻልም፤ ልጄ ነው የሚለካልኝ፣ እየደወለም የሚነግራት። ትኬታችን ለሐምሌ 8 ነው። ባለፈው ቅዳሜ 38 ደርሻለሁ። እሷም በሶ አስፈጭታ ከአንበሳሜ ልካለች፤ ለባሕሩ ነው ብላ።