ባለቤት ማን ነው?

በደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው ሰፈራችን የዐማርኛ መምህር ሆኜ፥ ዓረፍተ ነገር ያለ ባለቤት እንደማይቆም ለልጆች ሳስረዳ ብዙ ዓመት አልፎኛል። ነገር ግን «ባለቤት» የሚለው ቃል በገዛ ቤቴ ምን ማለት እንደ ሆነ ያስተማረኝ አንድ የብድር ወረቀት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በግቢያችን የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች ለመሥራት አስቤ፥ የቤታችንን ካርታ መያዣ አድርጌ ለመበደር ሄድሁ። ጸሓፊው ወረቀቱን አገላብጦ ካየ በኋላ፥ «መምህር፥ ባለቤትዎም መጥተው መፈረም አለባቸው» አለኝ። እኔ አባወራው ቆሜ ሳለሁ ይህ ለምን ያስፈልጋል ብዬ ተቈጣሁ። እርሱ ግን በትሕትና ሕጉን አስረዳኝ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ፥ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ይህን ሽሮ፥ ባልና ሚስት በቤታቸው አመራር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ የጋራ ቤታቸውንም ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱ ስምምነት እንዲያስፈልግ አደረገ። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ ያወጣሉ፤ ይህ አዋጅ ግን በአዲስ አበባና በድሬዳዋችን በቀጥታ ይሠራል።

ወደ ቤት ስመለስ ባለቤቴ ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጣ ከቀፊራ ገበያ ገና መግባቷ ነበረ። ፊርማዋን ብጠይቃት ዝም ብላ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ያን ጊዜ ኀፍረት ያዘኝ። የሌላ ሰው ልጆችን ፊደል ሳስቈጥር፥ የራሴ ሚስት ስሟን መጻፍ አለመቻሏን አይቼ እንዳላየሁ ኖሬአለሁና። ይህች ሴት በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ሕይወት ባጠፋ ጊዜ፥ ሕፃን ልጃችንን አዝላ፥ ያንኑ ካርታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያወጣች ናት። ያዳነችው ማንበብ የማትችለውን ወረቀት ነበረ።

ብድሩን አቈይቼ ማታ ማታ ፊደል አስጀመርኋት። በሦስተኛው ወር ስሟን ጻፈች። የመፈረሚያው ቀን ሲደርስ ግን እንደ ጠበቅሁት ወዲያው አልፈረመችም።

«ወለዱ ስንት ነው? መክፈል ቢያቅተንስ ቤቱ የማን ይሆናል?» አለችኝ።

ሁለተኛውን እኔ ራሴ አላሰብሁትም ነበረ። እርሷ የዱቤን ነገር በገበያ ለምዳዋለችና፥ ገንዘቡን በግማሽ ቀንሰን አንድ ክፍል ብቻ እንድንሠራ መከረች። ምክርዋን ተቀበልሁ። የዚያ አንድ ክፍል ኪራይ ዕዳውን ከፍሎ፥ ዛሬ ለልጃችን ትምህርት ይውላል።

በቅኔ ቤት ሳለሁ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል ከጓደኞቼ ጋር እስቅ ነበር። መጽሐፈ ምሳሌ በመጨረሻው ምዕራፍ እርሻ አይታ የምትገዛን ሴት እንደሚያመሰግን ግን ደጋግሜ እያነበብሁ ልብ አላልሁም።

ስለ አገር ዕድገት ስንናገር መንገድንና ፋብሪካን እንቈጥራለን። በቤታችን የተቀመጠውን ዕውቀት ግን ሳንጠይቀው እናድራለን። ሕግ ለሴት የሰጣት መብት፥ የምትፈርመውን ካላነበበች፥ ጣቷን ይዞ ቀለም ለሚያስነካት ሰው ይተርፋል። ስለዚህ አባወራዎች ሆይ፥ ዛሬ ማታ የቤታችሁን ወረቀት አውጥታችሁ ከባለቤቶቻችሁ ጋር አንብቡ። ማንበብ የማትችል ብትሆን ከስሟ ጀምሩ።